ሰላም ለሚሠራ ተማሪ 10 ሺህ ዶላር፦ ገንዘቡ ማኪንድዬ ሲደርስ

ማኪንድዬ፣ ካምፓላ፦ ሰሞኑን ከካምፕ ወደ ከተማ ብቅ ካሉ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ደርሶናል። «ለሰላም ሥራ 10 ሺህ ዶላር የሚሰጥ አለ ይባላል፤ እውነት ነው ወይ? ፎርሙስ የት ነው የሚሸጠው?» የሚል ነው። የጥያቄው የመጀመሪያ ግማሽ እውነት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያስነሳን ግን ሁለተኛው ግማሽ ነው። ካባላጋላ አካባቢ «ፎርም አስሞላለሁ» እያለ 50 ሺህም 100 ሺህም ሺሊንግ የሚቀበል ሰው እንዳለ ከከፋዮቹ አፍ ሰምተናል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን እንበል፦ የሚሸጥ ፎርም የለም። ገንዘቡ የሚጠየቀው ተማሪው በሚማርበት ኮሌጅ በኩል ነው። ኮሌጁ ያላቀረበውን ሰው የትኛውም ደላላ ሊያስገባው አይችልም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ካትሪን ዋሰርማን ዴቪስ የሚባሉ አሜሪካዊት በ1907 ተወለዱ። በ1934 ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ ሲሆን ያጠኑትም ሶቭየት ኅብረት ከመንግሥታት ማኅበር ጋር ስለነበራት ግንኙነት ነው። ጄኔቫ ሲባል ለኛ ሰው ቶሎ የሚመጣለት አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1936 እዚያው ማኅበር ፊት ቆመው ያሰሙት አቤቱታ ነው። ሴትዮዋ የተማሩት በዚያ ዘመንና በዚያ ከተማ ነው፤ ትላልቅ መንግሥታት ጠረጴዛ ከበው ሰላም ማምጣት እንዴት እንደሚያቅታቸው እኛ ከማናችንም በላይ እናውቀዋለን። እንግዲህ እኒህ ሰው በ2007 መቶ ዓመት ሞላቸው። ለልደታቸው አንድ ሚሊዮን ዶላር አወጡና ለ100 የተማሪዎች ፕሮጀክት፣ ለእያንዳንዱ 10 ሺህ ዶላር እንዲሰጥ አደረጉ። ጠብ በሰው ተፈጥሮ ያለ ነገር መሆኑን፣ ፍቅርና ደግነትም እንዲሁ በተፈጥሮ ያሉ መሆናቸውን ተናግረው ወጣቱ ለጦርነት ከመዘጋጀት ይልቅ ለሰላም እንዲዘጋጅ ነበር የጠየቁት። ሥራው ደስ ስላሰኛቸው በተከታዩም ዓመት ደገሙት። በ2013 በ106 ዓመታቸው ካረፉ በኋላም አልተቋረጠም። ስሙ «ፕሮጀክትስ ፎር ፒስ» ሲሆን መቀመጫው በአሜሪካ ቨርሞንት ክፍለ ግዛት በሚገኘው ሚድልበሪ ኮሌጅ ነው።

አሠራሩ ብዙ ወረቀት አይፈልግም። ለብዙ ዓመታት እንደተሠራበት ተማሪው ሁለት ገጽ ሐሳብና አንድ ገጽ በጀት ጽፎ ለራሱ ኮሌጅ ያቀርባል። ኮሌጁ መርጦ ያስተላልፋል። የተመረጠው ተማሪ በክረምት ዕረፍቱ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ ሥራውን ሠርቶ ሲመለስ አጭር ሪፖርትና ፎቶግራፍ ያስገባል። ሥራው በየትኛውም አገር ሊሆን ይችላል። የተማሪው ዜግነትም አይጠየቅም። «ሰላም» ማለት ምን ማለት እንደሆነም የሚያስረዳው ራሱ ተማሪው ነው። አንዱ የውሃ ጉድጓድ ነው ይላል፣ ሌላው የእግር ኳስ ቡድን፣ ሌላው የሴቶች ቁጠባ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለኛ ዋናው ይመስለናል። ሰላም ምን እንደሆነ የሚወስነው ሁለት ገጽ የጻፈው ሰው ከሆነ፣ ጸሐፊው ሰፈሩን የማያውቅ ሲሆንስ? ሰላማችንን ሌላ ሰው ተርጉሞልን ሊሄድ ነው ማለት ነው።

ማኪንድዬን ለማታውቋት፣ ካምፓላ ካሏት አምስት ክፍላተ ከተማ አንዷ ስትሆን በደቡብ በኩል ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ትዘረጋለች። ካባላጋላ፣ ካንሳንጋ፣ ንሳምብያና ካትዌ በውስጧ ናቸው። የኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች በካባላጋላና በካንሳንጋ በርከት ይላሉ፤ ካትዌና ንሳምብያ ስትደርሱ የኮንጎና የደቡብ ሱዳን ሰው ይበዛል። በአንድ ግቢ ውስጥ አከራዩ ሉጋንዳ፣ ፊት ለፊት ያለችው እናት ስዋሂሊ፣ ከጀርባ ያሉት ልጆች ሶማሊኛ፣ እኛ ደግሞ አማርኛ እንናገራለን፤ የምንቀዳው ውሃ ግን ከአንድ ቧንቧ ነው። እንደሚታወቀው በ2006 የወጣው የዩጋንዳ የስደተኞች ሕግ ሠርቶ የመብላትና የመንቀሳቀስ መብት ይሰጣል። ከተማ የመረጠ ስደተኛ ግን ራሱን ችሎ መኖር አለበት፣ ራሽን የለም። ስለዚህ በጀሪካን ተራ የተነሳ ክርክር፣ በቤት ኪራይ ቀን የተነሳ ንትርክ ቶሎ «እናንተ ስደተኞች» ወደሚል ቃል ይዞራል።

ይህ ሰፈር ከጀሪካን የባሰም አይቷል። ሐምሌ 11 ቀን 2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲታይ ካባላጋላ በሚገኘው «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» ምግብ ቤትና በክያዶንዶ የራግቢ ሜዳ ቦምብ ፈንድቶ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ዩጋንዳውያን ነበሩ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡም ነበሩበት። ኃላፊነቱን የወሰደው አልሸባብ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም የማያውቅ ሶማሌ ጎረቤት በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። እኛም ብንሆን መልካችን ከሩቅ ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ከጥርጣሬው አላመለጥንም።

የራሳችንም ጉድ አለ። በሰሜን ኢትዮጵያ ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 ድረስ በነበረው ጦርነት ጊዜ እዚህ ካምፓላ ያለን ሰዎች የቡና ቤት ወንበር እንኳን ተለያይተን ነበር። አንዱ ቤት የነእገሌ፣ ሌላው ቤት የነእገሌ ተባለ። አብረው እንጀራ የሚሸጡ ሁለት ሴቶች ምጣዳቸውን ሲካፈሉ አይተናል። በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ሲፈረም ጦርነቱ አበቃ ተባለ፤ ወንበሩ ግን ወዲያው አልተመለሰም።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልተለያየ አንድ ነገር ቢኖር ለቅሶ ነበር። ሰው ሲሞት ሰላም የማይባባሉት ሁሉ ይመጣሉ። አንዱ ከቀኝ ሌላው ከግራ ይቀመጣል፤ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ድንኳን ስንል እንኳ የኛ አይደለም፣ በቀን ኪራይ የሚመጣ ነው። ወንበሩም እንደዚያው። ብረት ድስቱን ከየቤቱ ነው የምንለቅመው። የሞተው ሰው ዘመድ ከሌለው መጀመሪያ የሚነሳው ክርክር «ኪራዩን ማን ይክፈል» ነው፤ ክርክሩም ብዙ ጊዜ በዘር መስመር ይሄዳል።

ከዚህ የተነሳ አንድ ሐሳብ በሻይ ሰዓት ተነስቶ ነበር። የዚህ ዓይነት ገንዘብ ያለው ተማሪ ነገ መጥቶ «ሰላም ምን ያስፈልገዋል?» ቢለን ምን እንመልሳለን? ሴሚናር የሚል ሰው አልጠፋም፣ ቲሸርትና ሰልፍም ተብሏል። አንዲት ነባር እናት ግን «ድንኳን ይግዛልን» አሉ። ሰው ሳቀ። እኛ ስናስበው ግን የሚያስቅ አይደለም። 10 ሺህ ዶላር ወደ 35 ሚሊዮን ሺሊንግ ይጠጋል። አንድ ጥሩ ድንኳን፣ በቂ ወንበር፣ ጥቂት ትላልቅ ድስት፣ ለማስቀመጫ አንድ ክፍል የዓመት ኪራይ ቢገዛበት ይተርፋል እንጂ አያንስም። ዕቃው የዕድሩ ይሆናል፤ ዕድሩም የኢትዮጵያዊ፣ የኤርትራዊ፣ የአከራዩም ጭምር ይሁን። የዩጋንዳ ጎረቤቶቻችንም እኮ ለለቅሶና ለሠርግ ድንኳን ይከራያሉ። በቅናሽ ብናከራያቸው የክፍሉ ኪራይ ከዚያው ይወጣል፣ ግንኙነቱም አብሮ ይመጣል። እርግጥ ድንኳን ፎቶ ላይ እንደ ኮምፒውተር አያምርም።

ኮምፒውተር ካልን ዘንድ የምናውቀውን እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ በምናስተምርበት የማታ የእንግሊዝኛ ክፍል አንዲት የውጭ አገር ተማሪ መጥታ ነበር። ገንዘቡን ከየት እንዳገኘች እዚህ ማንሳቱ አያስፈልግም። ልጅቷ ጨዋና ትጉህ ነበረች፣ በቅን ልብ ነው የመጣችው። ስምንት ላፕቶፕ አመጣች፣ ግድግዳውን ቀለም አስቀባች፣ ለሁለት ወር ያህል ወጣቶችን ከየአገሩ ቀላቅላ አስተማረች። ነሐሴ ላይ ሄደች። ከዚያ በኋላ የመብራት ቆጣሪው ያካ ስለሆነ ካርድ ካልተሞላ አይበራም፤ የሚሞላ ጠፋ። ላፕቶፖቹ በቁም ሳጥን ተቆለፉ። ቁልፉን የያዘው ሰው ሪሴትልመንት ደርሶት ወደ ካናዳ በረረ። ቁልፉ ከሱ ጋር ካናዳ ይሁን እዚሁ ይጥፋ እስካሁን አልታወቀም። ሳጥኑ በኋላ በመጋዝ ተቆርጦ ሲከፈት ባትሪዎቹ አብጠው ተገኙ። በፎቶው ላይ ግን ሁላችንም ስንስቅ እንታያለን።

ጥፋቱ የልጅቷ ነው ለማለት አይደለም። በጀቱ ላይ ላፕቶፕ ነበር፣ አውሮፕላን ቲኬት ነበር፣ ቀለም ነበር፤ ያካ የሚል መስመር አልነበረም። ይህን መስመር ሊያስጽፍ የሚችለው እዚህ የሚኖር ሰው ብቻ ነው። እሱን ግን አስቀድሞ የጠየቀው የለም።

ከዚህ ጋር የሚተያይ ሌላ ነገር እዚሁ ካምፓላ አለ። በዚያው በ2007፣ በአሜሪካ አንድ ሚሊዮን ዶላር ለልደት በወጣበት ዓመት፣ የተወሰኑ የኮንጎ ስደተኛ ወጣቶች ሥራ ፈትተው ከሚቀመጡ ብለው ኳስ መጫወት ጀመሩ። ኳስ ላይ የተገናኙት ልጆች ቋንቋ ስላላግባባቸው እንግሊዝኛ መማማር ጀመሩ። «ያሪድ» የተባለው ድርጅት የወጣው ከዚህ ነው። በኋላ ሴቶችን ስፌትና ንግድ ማስተማር፣ ኮምፒውተርም ጨመረ። በ2016 ኦኬንደን የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ሥራው ቀድሞ ነው ገንዘቡ የመጣው።

በካምፕ ለምትኖሩት የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ ኪያንግዋሊ ነው። በ2005 በኪያንግዋሊ ሰፈራ ጣቢያ የነበሩ ተማሪዎች ተሰባስበው «ኮቡርዋስ» የሚል ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ ከኮንጎ፣ ቡሩንዲ፣ ዩጋንዳ፣ ሩዋንዳና ሱዳን የተወሰዱ ፊደላት ነው። እርስ በርሳቸው በጠላትነት የሚተያዩ አገሮች ልጆች በአንድ ስም መጠራታቸው ራሱ ሥራ ነበር። በቆሎ ዘርተው እየሸጡ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍኑ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆሴፍ ሙንያምባንዛ ያኔ ገና ታዳጊ ነበር፤ ቆይቶ በአሜሪካ ሚዙሪ በሚገኘው ዌስትሚንስተር ኮሌጅ ተምሯል። ኮሌጅ ስለገባ አይደለም መሪ የሆነው፤ ኮሌጅ ሲገባ መሪነቱን ይዞ ነው የሄደው።

እሺ፣ የኛ ልጆች በዚህ በር እንዴት ይገባሉ? እውነቱን እንናገር፣ በሩ ጠባብ ነው። አጋር የሆኑት ኮሌጆች ወደ 100 የሚጠጉ ሲሆኑ በአብዛኛው አሜሪካ ውስጥ ነው ያሉት። እዚህ ካንሳንጋ ካምፓላ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ቢማር ጎበዝም ቢሆን፣ አጋር በሆነ ኮሌጅ እስካልተመዘገበ ድረስ ማመልከት አይችልም። ወደ እነዚያ ኮሌጆች ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ናቸው። እነዚህ ስማቸው ኮሌጅ ይሁን እንጂ የመጨረሻዎቹን ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ዓመታት የሚያስተምሩ ናቸው፤ ከየአገሩ ልጆችን መርጠው ይወስዳሉ። ከነሱ የጨረሰ ተማሪ አሜሪካ ኮሌጅ ሲገባ በ2000 በሴትዮዋ ልጅ በሼልቢ ዴቪስ የተጀመረ የትምህርት ድጋፍ አለ። ዕድሜው ግን ከ16 እስከ 19 አካባቢ ነው። እንደኛ ሠላሳውን ያለፈ ሰው በዚህ በኩል አይመኝ። አሥረኛ ክፍል ያለች ጎበዝ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ግን ዛሬውኑ ጠይቁ።

ሁለተኛው መንገድ ቅርብ ነው፤ ዳፊ ይባላል። በ1992 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተጀመረና በዩኤንኤችሲአር የሚመራ ሲሆን ስደተኛው በተጠለለበት አገር ዩኒቨርሲቲ እንዲማር ይከፍላል። በዩጋንዳም በኬንያም በኢትዮጵያም አለ። የሚቀበለው ቁጥር በየዓመቱ ይለያያል። በዓለም ላይ ካሉት ስደተኛ ወጣቶች ከመቶ አሥሩ እንኳ ገና ከፍተኛ ትምህርት አልደረሱም፤ በ2030 ከመቶ 15 ለማድረስ ነው የታቀደው። ዳፊ የ10 ሺህ ዶላሩን ገንዘብ አይሰጥም። ነገር ግን ካምፑ ውስጥ ሁለት ገጽ ሐሳብና አንድ ገጽ በጀት በሚገባ እንግሊዝኛ ጽፎ ሊያስነብብ የሚችል ሰው ከፈለጋችሁ የዳፊ ተማሪዎችን ፈልጉ። ከውጭ የሚመጣው ተማሪ የሚያስፈልገው የአገሬው አጋር እንደነሱ ያለ ነው። እነሱን በአስተርጓሚነት ብቻ መጠቀም፣ ያውም ያለ ክፍያ፣ እኛ የምንቃወመው ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር ጊዜው ነው። ሥራው የሚሠራው በሰኔና በነሐሴ መካከል ቢሆንም ሐሳቡ የሚጻፈው አስቀድሞ ነው፤ ብዙዎቹ ኮሌጆች ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይቀበላሉ። ኢሜይል የሚልክላችሁ ተማሪ ካለ የሚልከው ያኔ ነው። ሰኔ ላይ ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ በጀቱ ተዘግቷል፤ ያካም ድንኳንም ለማስጨመር ረፍዷል። ኢሜይሉ ሲመጣ በመጀመሪያ በጀቱን ለማየት ጠይቁ፤ ነውር የለውም፣ በስማችሁ ነው የሚጠየቀው። ዕቃው ከነሐሴ በኋላ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ቁልፉ ቢያንስ በሦስት ሰው እጅ ይሁን፤ ከሦስቱ አንዱ የሪሴትልመንት ቃለ መጠይቅ የሌለው ቢሆን ይመረጣል! በከተማ ከሆነ የኤል ሲ ዋን ሊቀመንበሩ ከጅምሩ ይወቀው፤ ያለሱ ዕውቅና ሰው የሰበሰበ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማኪንድዬ ያለን እናውቃለን። በካምፕ ከሆነ ደግሞ ካምፕ ኮማንዳንቱና የብሎክ መሪው። የልጆችን ፎቶ በተመለከተ ወላጅ ሳይጠየቅ አይነሳ።

የድንኳኑ ሐሳብ በወረቀት ላይ ወጥቶ ሁለት ገጽ ሆኗል። አንድ የዳፊ ተማሪ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰው ነው፤ «ዕድር» የሚለውን ቃል ግን እንዳለ ትቶታል። በጀቱን እትዬ ራሳቸው እያስቆጠሩ ነው ያስጻፉት፤ ወንበር ስንት፣ ድስት ስንት፣ ጠባቂ ስንት። ለማን እንደሚላክ ገና አልተወሰነም። ምጣድ ከተካፈሉት ሁለት ሴቶች አንዷ ፈርማለች፣ ሌላዋ «አስብበታለሁ» ብላለች።

ለፎርም ገንዘብ የከፈላችሁ ካላችሁ የተቀበላችሁን ሰው ማንነት ለብሎክ መሪያችሁ ወይም ለጥበቃ ቢሮ በቃል አስታውቁ። የዳፊን ማመልከቻ በተመለከተ በቀጣዩ እትም ራሱን አስችለን እንጽፋለን።